ጥያቄና መልስ፦ ከተቀባዮች ረድፍ ሆኜ ስላየኋቸው የሳቮይ ሰዎች

መላሽ፦ ጤና ይስጥልኝ። የቡድናችን አስተባባሪ «አንድ ቀን ተቀምጠህ ጥያቄ ተቀበል» እያሉ ሲወተውቱኝ ከርመው ይኸው ዛሬ ተቀምጫለሁ። ለማታውቁኝ፦ ለንደን ውስጥ ከአንድ የአማተር ቡድን ጋር 19 ዓመት ዘፍኛለሁ፤ ድምፄ ባስ ነው። መሪ ተዋናይ ሆኜ አላውቅም። ፖሊስ፣ መርከበኛ፣ የባሕር ወንበዴና የጃፓን ባላባት ሆኛለሁ፣ ሁልጊዜ ከኋላ ረድፍ፣ ሁልጊዜ ተቀባይ። ስለዚህ የማውቀው የጊልበርትንና የሱሊቫንን ሥራ ነው፤ ከ1871 እስከ 1896 አብረው የሠሯቸውን 14 ሙዚቃዊ ኮሜዲዎችና መድረክ ላይ ያወጧቸውን ሰዎች። ስለ ብሮድዌይ ጥቂት አውቃለሁ። ስለ ፊልም ምንም። ዓመቶቹን የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፣ በየመስመሩ እንዳልደጋግመው።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ፊልም አይታችሁ ስለ መድረክ አትጠይቁኝ።

ከአዳማ፦ ጋሼ፣ እኔ ስማቸውን እንኳን ዛሬ ነው የሰማሁት። በአጭሩ እነማን ናቸው?

መላሽ፦ ዊሊያም ጊልበርት ቃሉን ይጽፍ ነበር፣ አዘጋጁም እርሱ ነው። አርተር ሱሊቫን ዜማውን ይደርስ ነበር። ሪቻርድ ዶይሊ ካርት ገንዘቡን አፈላልጎ፣ ውል አዋውሎ፣ በኋላም ሳቮይ የተባለውን የራሱን ቴአትር ቤት አሠርቶ ሁለቱን አገናኝቶ ያኖረ ሰው ነው። ሱሊቫን እንግሊዝ አገር አለኝ የምትለው የቁም ነገር ሙዚቃ ደራሲ ነበር፤ በአብያተ ክርስቲያናት የሚዘመር መዝሙር የደረሰ፣ በ1883 ንግሥቲቱ የ«ሰር» ማዕረግ የሰጠችው። ጊልበርት ደግሞ በመጽሔት ላይ የፌዝ ግጥም ይጽፍ የነበረ፣ በጥብቅና ሞክሮ ያልተሳካለት፣ ቁጣው የቀረበ ሰው። ማዕረጉ ለእርሱ የደረሰው በ1907 ነው፣ ሱሊቫን ካረፈ ከ7 ዓመት በኋላ። ይህን መዘግየት ጊልበርት የረሳው አይመስለኝም።

ሰው ሁሉ የሚዘላት አራተኛ አለች፤ ሄለን ሌኖር። የካርት ጸሐፊ ሆና ገብታ የሥራው ቀኝ እጅ የሆነች፣ አሜሪካ ያሉትን ቡድኖች ለማስተዳደር አትላንቲክን ደጋግማ የተሻገረች፣ ሦስቱ ወንዶች ሲኳረፉ ደብዳቤ እየጻፈች ያስታረቀች ሴት። በ1888 ካርትን አገባች፤ እርሱ በ1901 ሲሞት ድርጅቱን ተረክባ እስከ ሞቷ፣ እስከ 1913 ድረስ መርታለች።

የመጋረጃ ልጅ፦ ከሁለቱ ዋናው ደራሲ የትኛው ነው? ሥራው የማን ይባላል?

መላሽ፦ ይህን ጥያቄ እወደዋለሁም እጠላዋለሁም። እኛ ዘንድ «ደራሲው» ስንል አንድ ሰው ይታየናል። ሙዚቃዊ ኮሜዲ ላይ ግን ታሪኩን የቀመረው፣ የዘፈኑን ግጥም የጻፈው፣ ዜማውን የደረሰው፣ ዜማውን ለኦርኬስትራ ያከፋፈለውና ሰዎቹን መድረክ ላይ ያንቀሳቀሰው አምስት ሰው ሊሆን ይችላል። እዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለትና አምስተኛውን ጊልበርት ያዘ፣ ሦስተኛውንና አራተኛውን ሱሊቫን። «ማን ደረሰው?» ብላችሁ ስትጠይቁ ከአምስቱ የትኛውን እንደሆነ ለዩልኝ።

አሠራራቸው እንዲህ ነበር። ግጥሙ ይቀድማል። ሱሊቫን ግጥሙን ተቀብሎ ወዲያው ዜማ አይፈልግም፤ አስቀድሞ ምቱን ብቻ ይጽፋል፣ ያለ ኖታ፣ ለአንዱ ስንኝ አምስት ስድስት ዓይነት ምት። ጊልበርት ሲጽፍ የራሱ ምት በጆሮው ስለሚኖር ስንኙ ራሱ ወደ አንድ ተራ መንገድ ይጎትታል፤ ሱሊቫን ያንን መንገድ ትቶ ሌላ ይፈልጋል። ምቱን ከመረጠ በኋላ ዜማው ይመጣል። ከዚያ የድምፁ ክፍል ብቻ ለልምምድ ይላካል። የኦርኬስትራው ጽሑፍ የሚያልቀው መጨረሻ ላይ ነው፤ መክፈቻው ቀናት ሲቀሩት ሌሊቱን እየጻፈ። የመግቢያውን ሙዚቃ ብዙ ጊዜ ረዳቶቹ ነበሩ የሚያቀናብሩለት፤ የ«ሚካዶ»ን (ታሪኩ ጃፓን ውስጥ የሚሆነው ሥራቸው ነው) መግቢያ የሠራው ሃሚልተን ክላርክ ነው። የ«አዮላንቴ»ን ግን ራሱ ጻፈው፤ ስትሰሙት ልዩነቱ ይገባችኋል።

ኦርኬስትራው ደግሞ ሳስቶ የተጻፈ ነው፣ ሆን ተብሎ። አንድ ዋሽንት ወይም አንድ ክላርኔት ከቃሉ ጀርባ ሾልኮ ያልፋል እንጂ ቃሉ ላይ አይወጣም። ይህን የምላችሁ ወድጄ አይደለም። አንድ ዓመት የእኛ ቡድን አዲስ የሙዚቃ መሪ መጣለት፤ ነሐሱን የሚወድ ሰው። ትሮምቦን ጨመረ፣ ከበሮ ጨመረ፣ አዳራሹ ተናወጠ። 19 ዓመት ሙሉ ሳቅ ቀርቶበት የማያውቅ አንድ ስንኝ ነበረ፤ በዚያ ምሽት አንድም ሰው አልሳቀበትም። ቀልዱ አልከፋም፣ አልተሰማም እንጂ። ኮሜዲ ላይ ያልተሰማ ቃል ያልተጻፈ ቃል ነው፤ ይህን ዛሬ ደጋግሜ እላለሁ፣ ከወዲሁ ይቅርታ።

አንባቢ 7፦ ስለ ሁሉም ተዋንያን በዝርዝር ይንገሩን።

መላሽ፦ ስለ የትኛው?

አንባቢ 7፦ ስለ ሁሉም።

መላሽ፦ ወንድሜ፣ የ25 ዓመት ሥራ ነው። አንድ ስም ምረጥና ተመለስ።

ከሃዋሳ፦ እኔ ልምረጥለት፦ ጆርጅ ግሮስሚዝ። ድምፅ የሌለው ሰው እንዴት የሙዚቃዊ ድራማ ኮከብ ሆነ?

መላሽ፦ እንዲህ ነው መጠየቅ። ግሮስሚዝ በወጣትነቱ በለንደን የቦው ስትሪት ፍርድ ቤት የሚውል ጋዜጠኛ ነበር። ሌባውን፣ ሰካራሙን፣ ዳኛውንና የሐሰት ምስክሩን ሲሰማ ይውላል፤ ማታ ማታ በየአዳራሹ ፒያኖ ላይ ተቀምጦ የሰውን አነጋገር እየቀዳ ያስቃል። በ1877 ለ«አስማተኛው» ተዋናይ ሲፈለግ ሱሊቫንና ጊልበርት ጠሩት። ለሥራው ግርማ ያለው ሰው፣ ግሩም ድምፅ ያለው ሰው የሚያስፈልግ መስሎት ይህንኑ ሲናገር ጊልበርት የማንፈልገው ይህንኑ ነው ብሎ መለሰለት ይባላል። ግሮስሚዝ ቀጭን፣ ቁመቱ አጭር፣ ድምፁም ቀጭን ነበር። ነገር ግን በደቂቃ ከመቶ በላይ ቃል እየተናገረ አንዷን ፊደል አይውጣትም። ጊልበርት ያንን አፍ ሰማና ከዚያ በኋላ ለ12 ዓመታት ያህል ለእርሱ ልክ ቀደደ፤ የባሕር ኃይሉ ሹም፣ ጄኔራሉ፣ የዳኞች አለቃው ሎርድ ቻንስለር፣ ሰያፊው ኮ-ኮ፣ ሁሉም የተሰፉት በዚህ ሰው ልክ ነው። ዛሬ የሚጫወታቸው ሁሉ የግሮስሚዝን ኮት ነው የሚለብሰው።

ሰውየው በጣም ፈሪ ነበር። በ1885 «ሚካዶ» ሲከፈት እጁ እየተንቀጠቀጠ መድረኩን ሊያበላሸው ምንም አልቀረውም። መድኃኒት ይወስድ ነበር። የሚያስቀው ሰው ከመጋረጃው ጀርባ ሲንቀጠቀጥ ያየ ሁሉ ይህን ያውቀዋል።

ከእርሱ ጎን ረትላንድ ባሪንግተን አለ፤ ወፍራም፣ ረጋ ያለ፣ ከዜማው ትንሽ ዝቅ ብሎ የሚዘፍን። አንድ የመክፈቻ ምሽት በትክክለኛው ዜማ ዘፈነና ሰው ቢደነቅ ጊልበርት «የመጀመሪያ ቀን ድንጋጤ ነው፣ ይለቀዋል» አለ ይባላል። እነዚህን ሁለቱን ጎን ለጎን አቁማችሁ ቃል ሳይነገር ግማሹ ሥራ አልቋል፤ አንዱ የሻይ ማንኪያ፣ ሌላው ጀበና።

ክራር ደርዳሪ፦ ይቅርታ ጋሼ፣ ይህ በፍጥነት የሚዘፈነው ዘፈን የእኛ አዝማሪ የሚሠራው አይደለም? ቅኔውም፣ ሽሙጡም፣ ፍጥነቱም አለ። ለምን እንደ ፈረንጅ ግኝት እናወራዋለን?

የመጋረጃ ልጅ፦ አዝማሪ በማሲንቆ ሰዎችን ፊት ለፊት እያየ ነው የሚሸሙጠው። ይኼ የተጻፈ ነው።

ክራር ደርዳሪ፦ የተጻፈ ሆነ አልሆነ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው? ሳቁ አንድ ነው።

ከሃዋሳ፦ ልዩነቱማ አዝማሪ በሁለተኛው ምሽት ሌላ ስንኝ ይዞ ይመጣል።

ክራር ደርዳሪ፦ እና የእኛው ይበልጣል ማለት ነው!

መላሽ፦ ይበልጣል አይበልጥም አልገባም። ግን የነካችሁት ነገር ቁልፍ ነው። አዝማሪው ባለቤቱ ራሱ ነው፤ ቤቱን አይቶ፣ ኮፍያ ያጠለቀውን እንግዳ አይቶ፣ ስንኙን እዚያው ይቀይራል። ጊልበርት ግን ያልተጻፈ ቃል መጨመርን እንደ ስርቆት ያየዋል። «ሚካዶ» ላይ ጄሲ ቦንድ ግሮስሚዝን ገፋ ስታደርገው እርሱ ወለሉ ላይ መንከባለል ጀመረ። ጊልበርት ይህ ይቅር አለ። ግሮስሚዝ «ግን ሰው በሳቅ ይሞታል» ቢለው፣ መልሱ የታወቀ ነው፦ የሥጋ ኬክ ላይ ብትቀመጥም ይስቁልሃል።

ለምን እንዲህ ጨከነ? ምክንያቱም ሥራው ሁሉ የቆመው እብደቱን በቁም ነገር በመጫወት ላይ ነው። ገጸ ባሕርይው ራሱን አስቂኝ ነኝ ብሎ ማሰብ የለበትም። ጄኔራሉ ወታደራዊ ዕውቀት እንደሌለው ሲናገር በኩራት ነው የሚናገረው። ተዋናዩ ዓይኑን ጠቀስ ካደረገ ቤቱ ይፈርሳል። ጊልበርት ቤቱ ውስጥ ትንሽ የመድረክ ሞዴል ነበረችው፤ በእንጨት ቁርጥራጭ፣ የወንዶቹ ረዘም የሴቶቹ አጠር ያለ፣ ማን የት እንደሚቆም አንድ በአንድ ካሰለፈ በኋላ ነበር ወደ ልምምድ የሚመጣው። በዚያ ዘመን ተቀባዮች እንደ አጥር በግማሽ ክብ ቆመው ይዘፍኑ ነበር። እርሱ ለእያንዳንዱ ሥራ ሰጠ። የኋላ ረድፍ ሰው ነኝና ይህን ውለታ አልረሳም።

ከአትላንታ፦ ጋሼ፣ ጊልበርት የ«ሚካዶ»ን ሐሳብ ያገኘው ግድግዳው ላይ የተሰቀለ የጃፓን ሰይፍ ሲወድቅ ነው አይደል? ፊልሙ ላይ አይቼዋለሁ።

መላሽ፦ ይኸው። መጀመሪያ ላይ ምን አልኩ?

«ቶፕሲ-ተርቪ» የተባለው የ1999 ፊልም ሰይፉን ይጥለዋል፣ አዎ። ጊልበርት ራሱ ለጋዜጠኛ ሲናገር የጠቀሰው ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ሰይፍ ነው፤ መውደቁን የጨመሩት በኋላ የመጡ ጸሐፊዎች ናቸው። ሌላም ተረት አለ፦ ለንደን ውስጥ ናይትስብሪጅ የተከፈተውን የጃፓን መንደር ኤግዚቢሽን አይቶ ነው የጻፈው የሚል። ኤግዚቢሽኑ የተከፈተው ጥር 1885 ነው፤ ጊልበርት መጻፍ የጀመረው በ1884 ነው። ያልተከፈተ ነገር ሐሳብ አይሰጥም። ኤግዚቢሽኑ የጠቀመው ለልምምድ ነው፤ ተዋናዮቹ አካሄድና የማራገቢያ አያያዝ የተማሩት ከዚያ ከመጡ ጃፓናውያን ነው።

ስለ ማራገቢያው ካነሳን፣ ቀላል እንዳይመስላችሁ። የተዘጋውን ማራገቢያ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ትይዛላችሁ፤ አንጓችሁን ወደ ታች ሰብራችሁ በአንዴ ስትለቁት «ጠሽ!» ብሎ ይከፈታል። ሃያ ወንዶች በአንድ ምት ላይ «ጠሽ!» ካላደረጉት ግን የባቄላ ቆሎ ሲፈነዳ ይመስላል። እኔ ሁለቱን ሰብሬ ሦስተኛው ላይ ተማርኩት።

ከሲያትል፦ ስለ «ሚካዶ» ይህን ሁሉ ሲያወሩ አንዱን ነገር ዘለሉት። ነጮች ዓይናቸውን ተኩለው ጃፓናዊ ሲሆኑ መመልከት ዛሬ ያሳፍራል። እዚህ ሲያትል በ2014 አርባዎቹን የጃፓን ገጸ ባሕርያት ሁሉ ማን ተጫወታቸው? ከተማው ተቆጣ።

ከአትላንታ፦ ቀልዱ በእንግሊዞች ላይ ነው እኮ። ጃፓን ልብስ ብቻ ነው።

ከሲያትል፦ ልብሱን የለበሰው ማን ነው የሚለው ነው ጥያቄው። አንድ ሰው የእኛን ቀሚስ ለብሶ እስክስታ እያበላሸ ቢያስቅብን «ቀልዱ በሌላ ነው» ትላለህ?

ከአትላንታ፦ ከተጻፈ መቶ ዓመት ያለፈውን ሥራ በዛሬ ዓይን...

ከሲያትል፦ የሚመለከተው የዛሬ ሰው ነው።

መላሽ፦ ሁለታችሁም የያዛችሁት አለ። ቀልዱ በእንግሊዝ ቢሮክራሲ ላይ መሆኑ እውነት ነው። መልኩ ግን ጃፓን ነው፣ ያ ደግሞ ባዶ ልብስ አይደለም፤ በ1907 የጃፓኑ ልዑል ፉሺሚ ለንደንን ሲጎበኝ የእንግሊዝ መንግሥት ሥራውን ለስድስት ሳምንት ያገደው እንግዳውን እንዳያስቀይም ብሎ ነው። ራሳቸው አገሬዎቹ የዚያን ጊዜ ፈርተውት ነበር ማለት ነው። የኒውዮርኩ የጊልበርትና ሱሊቫን ቡድን በ2015 ያዘጋጀውን ሰርዞ በቀጣዩ ዓመት አቀራረቡን ለውጦ ተመልሷል። እኔም ፊቴን ሳልቀባ ነው የተጫወትኩት፤ አበሻ የጃፓን ባላባት ሆኖ ከእንግሊዞች መካከል ሲቆም ተመልካቹ ምን እንዳሰበ ሳልጠይቅ ቀርቻለሁ። ክርክሩን ከፈለጋችሁ በሌላ ርዕስ ክፈቱት።

ባለ ሱቅ፦ ገንዘቡስ? ተዋናይ ስንት ይከፈለው ነበር?

መላሽ፦ ከደመወዙ ይልቅ ክፍፍሉን ልንገርህ፤ ወጪ ከተቀነሰ በኋላ ትርፉ ለጊልበርት፣ ለሱሊቫንና ለካርት እኩል ሦስት ቦታ። ተዋናይ በሳምንት ነው የሚከፈለው፣ ትርፍ የለውም።

ባለ ሱቅ፦ ታዲያ በሥራው ሲጣሉ የነበረው ስለምን ነው?

መላሽ፦ ስለ ምንጣፍ። በ1890 ካርት ለቴአትር ቤቱ የገዛውን አዲስ ምንጣፍ በወጪው ላይ ደመረው፣ ጊልበርት ተቆጣ፣ ሱሊቫን ከካርት ጎን ቆመ፣ ፍርድ ቤት ሄዱ። ስለዚህ ጠብ ብዙ ተጽፏል፤ እኔ ይሰለቸኛል። የ1879ኙ ጠብ ይሻላል። ያን ጊዜ ገንዘብ ያወጡ ባለ አክሲዮኖች «ፒናፎር» የተባለው የመርከበኞች ኮሜዲ የእኛ ነው ብለው ሐምሌ 31 ቀን ትርኢቱ እየታየ ሳለ ሠራተኛ ይዘው መጥተው መድረኩ ላይ የቆመውን የመርከብ ገጽታ ሊወስዱ ሞከሩ። ከመጋረጃው ጀርባ ድብድብ ተነሣ። ተዋናዮቹና የመድረክ ሠራተኞቹ ገጽታውን ይዘው ተከላከሉ፤ የመድረክ ኃላፊው ሪቻርድ ባርከር ተጎዳ። ፊት ለፊት ተመልካቹ ተቀምጧል፣ ከኋላ ቡጢ! ገጽታው ግን አልተወሰደም።

ከአዳማ፦ ለምን «የፔንዛንስ ወንበዴዎች» አሜሪካ ሄዶ ተከፈተ?

መላሽ፦ በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ደራሲ መብት አሜሪካ ውስጥ አይጠበቅም ነበር። «ፒናፎር»ን በየከተማው ያለ ፈቃድ ሲያሳዩት ደራሲዎቹ አንዲት ሳንቲም አላገኙም። ስለዚህ ራሳቸው ሄደው ታኅሣሥ 31 ቀን 1879 ኒውዮርክ ላይ ከፈቱት። የእንግሊዙን መብት ለመያዝ ደግሞ ከአንድ ቀን በፊት ፔንተን በምትባል የባሕር ዳር ከተማ አንድ የተጓዥ ቡድን ግማሹን የ«ፒናፎር» ልብስ ለብሶ፣ ወረቀት በእጁ ይዞ፣ ብዙም ሳይለማመድ አሳየው። ሱሊቫን የመጀመሪያውን ገቢር ጽሑፍ እንግሊዝ ረስቶት ስለነበር ኒውዮርክ ሆኖ ከራሱ አውጥቶ እንደገና ጻፈው። ወንበዴ ስለሚባሉ ሰዎች የሚያወራ ሥራ በወንበዴ ምክንያት ውቅያኖስ ተሻገረ።

ኤሌክትሪሻኑ፦ የሳቮይ ቴአትር በዓለም የመጀመሪያው በኤሌክትሪክ የበራ ሕዝባዊ ሕንፃ ነው የሚባለው እውነት ነው?

መላሽ፦ ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የበራ የመጀመሪያው የሚባለው እርሱ ነው፤ በ1881 ተከፈተ፣ ወደ 1200 አምፖል ነበረው። ሰው ኤሌክትሪክ ያቃጥላል ብሎ ስለፈራ ካርት መድረክ ላይ ወጥቶ የበራ አምፖል በጨርቅ ጠቅልሎ ሰበረው፤ ጨርቁ አልነደደም። ለእኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው የጋዙ ሙቀት መጥፋቱ ነው። በሙቀት የታፈነ ተመልካች ቀልድ አይገባውም።

አንባቢ 7፦ መርጫለሁ፦ ጄሲ ቦንድ።

መላሽ፦ ተመስገን። ጄሲ ቦንድ ኮንሰርት ላይ የምትዘፍን ልጅ ነበረች፤ ትወና አታውቅም፣ እንዲያውም መድረክ ላይ መናገር ያስጨንቃታል። «ፒናፎር» ላይ ድንገት ስትገባ ጊልበርት የገጸ ባሕርይዋን ንግግር ቀነሰላት። ከዚያ ቀስ በቀስ ተማረች፣ ተማረችና እስከ «ጎንዶሊየርስ» ድረስ የቡድኑ ጨው ሆነች።

«ሚካዶ» ላይ ሦስቱ የትምህርት ቤት ልጃገረዶች ሌኦኖራ ብራሃም፣ ጄሲ ቦንድና ሲቢል ግሬይ ናቸው። ሦስቱም አጫጭር በመሆናቸው ነው ሐሳቡ ለጊልበርት የመጣለት። የሦስቱም ልብስ አንድ ዓይነት ነው። ጄሲ ይህን አልወደደችውም፤ መለየት ፈለገች። ወደ ልብስ ክፍል ሄዳ የወገብ መቀነቷ የኋላ ቋጠሮ እንዲተልቅላት ጠየቀች። ተለቀላት፤ ከሌሎቹ ሁለት ይበልጣል። ከዚያ ባገኘችው አጋጣሚ ሁሉ ጀርባዋን ለተመልካቹ ሰጥታ ያንን ቋጠሮ ታወዛውዘዋለች። ይህን ራሷ በመጽሐፏ ጽፋዋለች። አንድ ቃል ሳትጨምር! ጊልበርት ምን ይበላት? ስንኙ አልተነካ፣ ቦታዋን አልለቀቀች።

ከሃዋሳ፦ ስለዚህ ፈጠራው የጊልበርት ብቻ አይደለም ማለት ነው፤ ከላይ ካሉት ጋር ይጋጫል።

መላሽ፦ ይጋጫል። ትክክል ነሽ እህቴ።

ከዲሲ፦ ወደ ብሮድዌይ እንምጣ። ከአሜሪካ ኮሜዲዎች የማንን ቡድን ይመርጣሉ?

መላሽ፦ በ1962 የተከፈተውን፣ ስለ ጥንታዊ ሮም አገልጋይ የሚናገረውን «ኤ ፈኒ ቲንግ ሃፕንድ ኦን ዘ ዌይ ቱ ዘ ፎረም»ን። በርት ሸቨሎቭና ላሪ ጌልባርት ታሪኩን፣ ስቲቨን ሶንዳይም ግጥሙንም ዜማውንም፣ ጆርጅ አቦት አዘጋጅነቱን፣ ሃሮልድ ፕሪንስ ፕሮዲውሰርነቱን። ዋሽንግተን ላይ ሲሞከር ሰው አልሳቀም። የታወቀውን የብሮድዌይ አዘጋጅ ጀሮም ሮቢንስን ጠሩት። ሮቢንስ አየና ችግሩ መጀመሪያው ላይ ነው አለ፤ ለስላሳ የፍቅር ዘፈን ነበር የሚከፍተው፣ ሰው የፍቅር ታሪክ ጠብቆ ይቀመጣል። ሶንዳይም አዲስ መክፈቻ ጻፈ፣ «ዛሬ ኮሜዲ ነው» ብሎ ፊት ለፊት የሚናገር። ከዚያ በኋላ ሰው ሳቀ፤ 964 ጊዜ ታየ።

አሁን ከመጋረጃ ጀርባ ያለውን ስሙ። ዋናው ተዋናይ ዜሮ ሞስቴል በማካርቲ ዘመን፣ አሜሪካ ውስጥ ኮሚኒስት ናቸው የተባሉ ሲታደኑ፣ በጥቁር መዝገብ ገብቶ ሥራ ያጣ ሰው ነው። ሮቢንስ ደግሞ በ1953 ይህን ለሚመረምረው የምክር ቤት ኮሚቴ የሰዎች ስም የሰጠ። ከሰጣቸው ስሞች አንዱ የሌላው ተዋናይ፣ የጃክ ጊልፎርድ ሚስት ስም ነው። እነዚህ ሰዎች በአንድ ክፍል ተቀምጠው ሳቅ ሠሩ።

ከዲሲ፦ ፊልሙን አይቼዋለሁ፣ ግን ዘፈኑ ጥቂት ነው...

መላሽ፦ ምክንያቱም ፊልም ነው። አብዛኛውን ዘፈን አውጥተውታል። ሦስተኛ ጊዜ ነው የምለው።

አዲስ ገቢ፦ ስለ «ድራውዚ ሻፐሮን» የሚያውቁት አለ?

መላሽ፦ ጥቂት። ቶሮንቶ ውስጥ ለቦብ ማርቲንና ለእጮኛው ጓደኞቻቸው ለሠርግ ድግስ የሠሩት ቀልድ ነው አድጎ በ2006 ብሮድዌይ የደረሰው። የሙሽሮቹ ስም ገጸ ባሕርያቱ ላይ ቀርቷል። ለሠርግ ስጦታ ሰሃን ከመስጠት ይሻላል።

ክራር ደርዳሪ፦ በአማርኛስ ማን ሞከረው? ወይስ የእኛ አይቆጠርም?

መላሽ፦ ይቆጠራል፤ እኔ ግን ባለሙያው አይደለሁም። የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት የሚባለው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ» ራሱ ኮሜዲ ነው፤ አውሬዎችን አናግሮ ሹማምንቱን ስለሸነቆጠ ታገደ። አገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. (ይህኛው በእኛ አቆጣጠር ነው) ከተመሠረተ ጀምሮ ዘፈንና አጭር ጭውውት በአንድ መድረክ ሲፈራረቁ ኖረዋል። ግን መፈራረቅና መዋሃድ ይለያያል፤ ታሪኩ በዘፈኑ ውስጥ ሲራመድ ነው ሙዚቃዊ ኮሜዲ የምለው።

ክራር ደርዳሪ፦ ትርጉሙን ማን ሰጠዎት?

የመጋረጃ ልጅ፦ እንደገና ጀመረ።

ከአዳማ፦ ጋሼ፣ የመጨረሻ። ባስ ነኝ ብለዋል። ለባስ ከሁሉም ቆንጆው ዘፈን የትኛው ነው?

መላሽ፦ የንጉሡ ዘፈን፣ «ሚካዶ» ሁለተኛ ገቢር ላይ። ለእያንዳንዱ ጥፋት የሚመጥነውን ቅጣት እየቆጠረ የሚዘፍነው። የመጀመሪያው ዘፋኝ ሪቻርድ ቴምፕል ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ ጀምሮ የነበረ ቋሚ ባስ። በመጨረሻው ልምምድ ላይ ጊልበርት ዘፈኑ ይውጣ አለ። በቃ፣ ጊልበርት ካለ አለ ነው። ያን ጊዜ ተቀባዮቹ፣ ለማንም ስማቸው የማይታወቅ የኋላ ረድፍ ሰዎች፣ ተሰብስበው ሄደው ዘፈኑ ይመለስ ብለው ለመኑት። ጊልበርት ሰማቸው፣ መለሰው። ዛሬ «ሚካዶ»ን ከነስሙ የማያውቅ ሰው እንኳን ከዚያ ዘፈን አንድ ስንኝ ያውቃል።

በ19 ዓመት ውስጥ አንድም ጊዜ ብቻዬን ዘፍኜው አላውቅም። ንጉሡ አንድ ስንኝ ይላል፤ እኛ ከኋላ ማራገቢያችንን ዘግተን እንቀበላለን። ዛሬ ማታ በአንድ ሰዓት ልምምድ አለብኝ፣ አውቶቡሱ አያመልጠኝ።